የእጅ ችፌና የእንጀራ ነገር
(በሬዲዮ ከተሰጠው የጤና ትምህርት ለጋዜጣ የተዘጋጀ)

የሰው ልጅ በእጁ ይጽፋል፣ በእጁ ይገነባል፣ በእጁ ይጐርሳል፣ ወዳጁንም በእጁ ይጨብጣል። ስለዚህ እጅ በታመመ ጊዜ የሚታመመው አንድ ብልት ብቻ ሳይሆን እንጀራም አብሮ ነው። የእግር ቁስል በካልሲ ሊሸፈን፣ የሆድ ሕመምም በዝምታ ሊደበቅ ይችላል፤ የእጅ ቁስል ግን በገበታም ሆነ በመሥሪያ ቤት ከሰው ዓይን አያመልጥም። ዛሬ የምንነጋገረው ከሥራ የተነሣ በእጅ ላይ ስለሚወጣው ችፌና መንሥኤውን ለይቶ ለማወቅ ስለሚደረገው ምርመራ ነው።

ነገሩ ሐኪሞችን ብቻ የሚመለከት አይምሰላችሁ። ለምሳሌ ያህል በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠረች የጽዳት ሠራተኛን እናስብ። ወለሉን በበረኪና ትወለውላለች፣ ብርጭቆውን ታጥባለች፣ ረፋድ ላይም ለሠራተኛው ሻይ ታቀርባለች። ከዕለታት አንድ ቀን በጣቶቿ መካከል ያለው ቆዳ ማሳከክ ይጀምራል፤ ቆይቶም ይላጣል፣ ይሰነጠቃል። ሻይ የሚቀበለው ሰው እጇን አይቶ ፊቱን ያጠቁራል። አንዱ «ይጋባል» ይላል፤ ሌላው «ከሻይ ሥራ ትነሣልን» ይላል። የክፍሉ ሹምም ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን ሌላውን ለመጠበቅ አስቦ ያሰናብታታል።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ ሦስት ስሕተቶች አሉ። አንደኛ፣ የማይጋባው በሽታ እንደሚጋባ ተቈጥሯል። ሁለተኛ፣ መንሥኤው ሳይታወቅ ፍርድ ተሰጥቷል። ሦስተኛውና የከፋው ደግሞ ሴትዮዋ ስትሄድ እጇን የጐዳው ነገር በዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጦ በእርሷ ቦታ የምትቀጠረውን ሌላ ሠራተኛ መጠበቁ ነው። እነዚህን ሦስቱን በየተራ እንመልከት።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ምንነት። በአገራችን ችፌ የምንለውን ሐኪሞች ኤክዜማ ወይም ደርማታይተስ ይሉታል። ትርጓሜውም የቆዳ መቆጣት ማለት ነው። ምልክቱ ማሳከክ፣ ማበጥ፣ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች መውጣት፣ ማዠት፣ ከዚያም መድረቅ፣ መላጥ፣ መወፈርና መሰንጠቅ ነው። በመጻሕፍት ቆዳው ይቀላል ተብሎ ቢጻፍም በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በግልጽ አይታይም፤ ይልቁንም ጠቆር ብሎ ወይም ወደ ሐምራዊ አዘንብሎ ይታያል። ይህ በሽታ በተውሳክ የሚመጣ ሳይሆን የሰውነት የራሱ ቁጣ በመሆኑ በመጨባበጥም ሆነ በብርጭቆ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግጥ ነው፣ በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ተውሳክ ገብቶ መግል ሊቋጥር ይችላል፤ ያን ጊዜ ቶሎ መታከም ያስፈልጋል።

ዳሩ ግን በእጅ ላይ የሚወጣው ሁሉ ችፌ አይደለም። በጣቶች መካከል የሚገባው እከክ ይጋባል፤ በተለይ ሌሊት ሌሊት የሚያሳክክና የቤተሰቡንም አባላት የያዘ እንደ ሆነ እርሱን መጠርጠር ይገባል። ጭርትም እጅን ሊይዝ ይችላል። ሲነኩት የማይሰማ፣ የደነዘዘ ቦታ ካለ ደግሞ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት አለበት፤ እርሱም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። እንግዲህ «ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ያለበት የቢሮ ወሬ ሳይሆን ሐኪም ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ከዚያ ወዲህ በጠቅላላው የቆዳ በሽታ የታወቀ የሕክምና ቦታ ሆኗል።

ሁለተኛው ነገር መንሥኤው ነው። ከሥራ የሚመጣው የእጅ ችፌ በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባል። አንደኛው ቆዳው ተጐድቶ የሚመጣው፣ ሁለተኛው በአለርጂ የሚመጣው ነው።

የላይኛው የቆዳችን ሽፋን በጡብና በጭቃ እንደ ተሠራ ግንብ ነው። ጡቦቹ የደረቁት የቆዳ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ ጭቃው በመካከላቸው ያለው የተፈጥሮ ቅባት ነው። ሳሙና፣ የዱቄት ሳሙና፣ በረኪና፣ ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ይህን ቅባት ያጥቡታል። ውሃም ራሱ ሲደጋገም ያሳሳዋል። ቅባቱ ባለቀ ጊዜ ግንቡ ይሰነጠቃል፣ የሚፋጀውም ነገር ወደ ውስጥ ዘልቆ ሥጋን ያስቆጣል። ይህ ዓይነቱ ችፌ ማንንም ሰው ሊይዝ ይችላል፤ የሚለያየው የሚቋቋሙበት ጊዜ ርዝመት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት በጀርመን አገር የሥራ ደኅንነት መመሪያ በአንድ የሥራ ቀን ከ2 ሰዓት በላይ እጅን በእርጥበት ውስጥ ማቆየት ራሱን የቻለ አደገኛ ሥራ ሆኖ ይቈጠራል። ከሥራ ከሚመጣው የእጅ ችፌ የሚበዛው ይህ ዓይነቱ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

አለርጂ ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳተው የሰውነት መከላከያ ኃይል ነው። ሰውነታችን በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ጠባቂዎች አሉት። ከዕለታት በአንዱ እነዚህ ጠባቂዎች ለብዙው ሰው ምንም የማያደርገውን አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ኒኬል የሚባለውን ብረት፣ እንደ ጠላት ቈጥረው ያጠኑታል። ይህ ጥናት ቢያንስ ከ10 ቀን እስከ 2 ሳምንት ይፈጃል፤ ሆኖም ሰውየው ዕቃውን ለ10 እና ለ20 ዓመት ያለ ችግር ሲነካው ከኖረ በኋላም ሊጀምር ይችላል። አንድ ጊዜ ከተጠና በኋላ ግን ሰውነት አይረሳውም፤ ጥቂት ብቻ በነካው ቍጥር ይቆጣል። ስለዚህ «ይህንን ሳሙና ስጠቀምበት ብዙ ዘመኔ ነው፤ እርሱ ሊሆን አይችልም» የሚለው አነጋገር ማስረጃ አይሆንም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። የዚህ አለርጂ ቁጣ ወዲያው አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ዘግይቶ ይመጣል። ሰኞ የነካው ነገር ረቡዕ ያስቆጣዋል። ታማሚውም ረቡዕ ጧት የነካውን ወይም የበላውን እየጠረጠረ እውነተኛውን ጥፋተኛ ነፃ ይለቅቀዋል። በአገራችንም ብዙ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ምግብ የሚተወው እንደዚህ ባለ ጥርጣሬ ነው።

በየሥራው ያለውን ጥቂት እንመልከት። ግንበኛና ለሳኝ ከሲሚንቶ ጋራ ይውላሉ። እርጥብ ሲሚንቶ እንደ ኖራ ስለሚፋጅ ቆዳን ይጐዳል፤ በውስጡ ያለው ክሮሜት የተባለው ቅመም ደግሞ አለርጂ ያመጣል። ፀጉር ሠሪዎችን የፀጉር ጥቁር ቀለም ውስጥ ያለው ፓራፌኒሊንዲያሚን ያስቆጣቸዋል፤ ጥቁር ሂና እየተባለ በሚሸጠው ውስጥም የሚጨመረው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሰው ሠራሽ ጥፍር የሚለጥፉና ጥርስ የሚሞሉ ሰዎች አክሪሌት በሚባለው ማጣበቂያ ይያዛሉ፤ ይህም ስስ በሆነው የሕክምና ጓንት ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። ወጥ ቤት ውስጥ ነጭ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው አለርጂ ከያዘው ቁስሉ የሚታየው ቢላዋ በያዘው እጅ ላይ ሳይሆን ሽንኩርቱን በያዘው በሌላው እጅ ጣቶች ጫፍ ላይ ነው። በቢሮ የምንውለውም ፈጽሞ ነፃ አይደለንም፤ ወረቀት ማሰሪያ ላስቲክ፣ ገንዘብ መቍጠሪያ የጣት ጎማና ከኒኬል የተሠሩ ዕቃዎች አንዳንዱን ሰው ያስቆጣሉ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ለመከላከያ የተሰጠው ጓንት ራሱ መንሥኤ መሆኑ ነው። ጎማ እንዲጠነክር ቲዩራምን የመሳሰሉ ቅመሞች ይጨመሩበታል። ለእነዚህ ቅመሞች አለርጂ ያላት የጽዳት ሠራተኛ እጇ በታመመ ቍጥር ጓንቷን አጥብቃ ትለብሳለች፤ ጓንቱን በለበሰች ቍጥርም ሕመሟ ይብሳል። ሹሙም ሠራተኛዋም በረኪናውን ሲከስሱ ጥፋተኛው በእጅ ላይ ተቀምጧል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም፤ ከመጐዳት የመጣውና ከአለርጂ የመጣው ችፌ መልካቸው አንድ ነውና። የሚለየው ሐኪሞች ፓች ቴስት የሚሉት፣ እኛም «የልጥፍ ምርመራ» ብንለው የሚስማማ ዘዴ ነው። ይህንን ዘዴ ለዓለም ያስተዋወቀው በዚያን ጊዜ ብሬስላው በምትባለው፣ ዛሬ ግን በፖላንድ በምትገኘው ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዮሴፍ ያዳሶን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ዓ.ም. በግራትስ ከተማ በተደረገው የቆዳ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ፣ ሜርኩሪ ያለበት መድኃኒት ያስቆጣው ሰው ያንኑ ነገር በጤነኛ ቆዳው ላይ በጥቂቱ ቢለጥፉበት በዚያ ቦታ ያው ቁጣ እንደሚታይ አስረዳ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ቢሻሻልም ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። አለርጂ በማምጣት የታወቁ ነገሮች እያንዳንዳቸው በተወሰነ መጠን ተበርዘው በጥቃቅን ሳህኖች ይደረጉና በፕላስተር ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ። በአውሮፓ መነሻ ሆኖ የሚያገለግለው ዝርዝር 30 ያህል ነገሮችን ይይዛል፤ ኒኬል፣ ክሮሜት፣ የጎማ ቅመሞች፣ ሽቶዎች፣ የፀጉር ቀለምና የሳሙና ማቆያዎች ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ልጥፉ 2 ቀን ይቆያል። በነዚህ ቀናት ጀርባን መታጠብም ሆነ የሚያልብ ሥራ መሥራት አይፈቀድም። ከዚያም ሐኪሙ ልጥፉን አንሥቶ ያያል፤ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ደግሞ እንደገና ያያል፤ አንዳንድ ጊዜም በሳምንቱ ይደግማል። አለርጂ ባለበት ቦታ ቆዳው ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ጥቃቅን ሽፍታም ያወጣል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይጐላ ሐኪሙ በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጣቱ እየዳሰሰ እብጠቱን መፈለግ አለበት። የመጀመሪያውን ቀን አይቶ «ምንም የለም» ብሎ መቅረት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ቁጣው ዘግይቶ የሚመጣ መሆኑን ከላይ ተናግረናልና።

ከምርመራው በፊትም ጥንቃቄ ያሻል። ጀርባ ላይ የኮርቲዞን ቅባት መቀባት፣ በብዛትም የኮርቲዞን ክኒን መዋጥ ቁጣውን ሊሸፍነው ስለሚችል ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ይገባል። ደግሞም ማንም ሰው በገዛ እጁ ሲሚንቶ ወይም በረኪና ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ኬሚካል ቆዳው ላይ አጣብቆ «ልሞክረው» አይበል። እንዲህ ያለው ነገር ጤነኛውንም ሰው ያቃጥላል፤ ቃጠሎም አለርጂ መኖሩን አያስረዳም።

የጎማ ጓንት በለበሱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚመጣ ማሳከክ፣ የፊት ማበጥ፣ ማስነጠስ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከዚህ የተለየ ነው። ይህ ከጎማ ዛፍ ወተት የሚመጣ ፈጣን አለርጂ ስለ ሆነ የሚመረመረው በልጥፍ ሳይሆን በደም ወይም ቆዳን በመርፌ ጫፍ ነካ በማድረግ ነው። ለሕይወትም ሊያሰጋ ይችላል። ዱቄት ያለበት የጎማ ጓንት ይህን አለርጂ በአየር ስለሚያሠራጨው በአሜሪካ ከጥር ወር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕክምና እንዳይውል ተከልክሏል።

ክቡራን አንባብያን፤ ምርመራው ይህን ያህል ጥቅም ያለው ቢሆንም ያልጠየቁትን አይመልስም። በጀርባ ላይ ያልተለጠፈ ነገር ሊገኝ አይችልም። የተገኘውም ሁሉ የሕመሙ መንሥኤ ነው ማለት አይደለም፤ አንዲት ሴት ለኒኬል አለርጂ ቢገኝባት ከድሮ የጆሮ ጌጧ የመጣ እንጂ ከዛሬው የእጇ ሕመም ጋራ የማይገናኝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምርመራው ግማሽ በጀርባ ላይ ቢሆን ግማሹ በአንደበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1700 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ ያሳተመው የኢጣልያው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ፣ ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ላይ ሥራው ምን እንደ ሆነ መጠየቅን እንዲጨምር መክሮ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንዲሉ፣ ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው የሥራውን ስም ብቻ ሳይሆን ከጧት እስከ ማታ የሚነካውን ሁሉ ይንገር። የሳሙናውን ጠርሙስ፣ ጓንቱን፣ የእጅ ቅባቱን፣ በኬሚካሉ ማሸጊያ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ይዞ ይሂድ። እጁ በዕረፍት ቀናትና በፈቃድ ጊዜ የሚሻለው፣ ወደ ሥራ ሲመለስ የሚብስበት እንደ ሆነ በቀን በቀኑ ይጻፈው። ምርመራው በማይገኝበት ከተማ እንኳ እንደዚህ ያለ ማስታወሻ ለሐኪሙ ታላቅ መሪ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነገር እንምጣ። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ምን ይደረጋል? ብዙ ሰው «ሥራውን መተው ነው» ይላል። ነገር ግን ሥራ መተው በራሱ መድኃኒት አይደለም። ለክሮሜት አለርጂ ያለበት ግንበኛ ሥራውን ትቶ በክሮም የተለፋ የቆዳ ጫማና የቆዳ ጓንት ቢያደርግ ሕመሙ ሊከተለው ይችላል፤ እንጀራውንም አጥቶ ጤናውንም አላገኘም ማለት ነው። በአንጻሩ ለጎማ ቅመም አለርጂ ያላት የጽዳት ሠራተኛ ያ ቅመም የሌለበት ጓንት፣ ለምሳሌ ቪኒል ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ፣ ቢገዛላት በሥራዋ ላይ ልትቆይ ትችላለች። መተው የሚገባው ሥራው ሳይሆን ጐጂው ነገር የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንዳንድ ጊዜም የአንድ ሰው ምርመራ ለብዙ ሺህ ሰው ይተርፋል። ሐኪሞች በግንበኞች ላይ ክሮሜትን ደጋግመው ካገኙ በኋላ፣ በሲሚንቶ ላይ ጥቂት የብረት ሰልፌት ቢጨመር ክሮሜቱ ወደ ቆዳ በቀላሉ ወደማይዘልቅ ዓይነት እንደሚለወጥ ታወቀ። ዴንማርክ ይህን እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ግዴታ አደረገች፤ በግንባታ ሠራተኞቿም ዘንድ የክሮሜት አለርጂ ቀነሰ። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 2 እጅ በላይ ይህ ክሮሜት ያለበት ሲሚንቶ እንዳይሸጥ ከለከለ። እርግጥ ሲሚንቶው ዛሬም ይፋጃል፤ ጓንትና ቦት ጫማ አልቀረለትም። ነገር ግን አንዱ ጠላት በአዋጅ ተወግዷል።

እዚህ ላይ ንግግራችን ወደ እናንተ፣ ወደ መሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ይዞራል። ጓንትና ሳሙና የሚገዛው ሐኪሙ አይደለም፤ የግዥና የንብረት ክፍል ነው። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን የሚያውቅና አሠሪውም ለሠራተኛው መከላከያ እንዲያቀርብ የሚያዝ ነው። ይህ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛን በቀጥታ ባይገዛም፣ በየቢሮው በኮንትራት የሚያጸዱት ሰዎች አሠሪዎች ብዙውን ጊዜ በዚህ ሕግ ሥር ናቸው። ሕጉ ግን ዕቃ አይመርጥም፤ የሚመርጠው ሰው ነው። ለሚወለውልና ለሚያጥብ ሰው እጁን የሚያህል ጓንት፣ ክንድ የሚደርስ ርዝመት ያለው፣ ሲቀደድም የሚለወጥ መስጠት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በረኪናን በተጻፈው ልክ በርዞ መጠቀምና ከሌላ ማጽጃ ጋራ አለማደባለቅም እንዲሁ ነው።

ለሁላችንም የሚጠቅም ጥቂት ምክር ጨምረን እናብቃ። እጃችሁን ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፤ በጣቶች መካከል ያለውን ሳሙና በደንብ አስለቅቁ፤ አድርቁ፤ ሽቶ የሌለበት ቅባት፣ ቫዝሊንም ቢሆን፣ ወዲያው ተቀቡ። ቀለበት ከሥሩ ሳሙና ስለሚይዝ ከመታጠባችሁ በፊት አውልቁት። ጓንት ለረዥም ጊዜ የምትለብሱ እንደ ሆነ ላብ እንዳያርሰው ከሥሩ የጥጥ ጓንት አድርጉ። እጃችሁ ያልቆሸሸ ከሆነ በየጊዜው በሳሙና ከመታጠብ ይልቅ ማለስለሻ ያለበት የአልኮል ማጽጃ ቆዳን ያነሰ ይጐዳል፤ በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ቢያቃጥልም ማቃጠሉ አለርጂ መሆኑን አያሳይም። የኮርቲዞን ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ለወራት መቀባት ቆዳን ያሳሳል፤ በእከክና በጭርት ላይ ቢቀባም በሽታውን ሸፍኖ ያስፋፋዋል። ደግሞም እጅ ድኖ ከታየ በኋላ የቆዳው ግንብ ጨርሶ እስኪጠነክር ወራት ስለሚፈጅ ጥንቃቄውን ቶሎ አትተዉት።

የቆሰለ እጅ ሻይ ሲያቀርብላችሁም ሆነ ፋይል ሲያቀብላችሁ፣ ከፊታችሁ ያለው የምትሸሹት ሰው ሳይሆን መንሥኤው ሊፈለግለት የሚገባ ሕመም መሆኑን አስታውሱ። አስቀድማችሁ «በምን ትሠሪያለሽ? ማን አየሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ወደ ሐኪም ለመሄድም ፈቃድ ስጡ። ስንብቱ ይቆይ፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ግን ዛሬውኑ ይታይ።